የ3,800 ብሯ የወፍ ሳጥን እና የ250 ብሯ ጣውላ

መጀመሪያ ውጤቱን ልናገርና ልገላገል። ጨረባ የምትባለዋ ወፍ እማዬ ቤት ታዛ ስር ጎጆ እንድትሰራ ብዬ ከሞከርኳቸው ነገሮች ሳጥኗ ከ5 ኮከብ 2፣ ጎጆውን የማይባት ካሜራ 4፣ ጎጆ የሚሰራባት ጣውላ ግን 5 ከ5። ጣውላዋን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የትኛውም አናጢ ቡና እስኪፈላ ቆርጦ ይሰጣችኋል። እኔ ይሄን እስካውቅ ግማሽ አመትና ከ8,000 ብር በላይ ፈጅቶብኛል፣ እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ነሐሴ 2016 መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ቶነር ልገዛ አዲስ አበባ ገብቼ (ደብረ ብርሃን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ) ከውጭ የቤት ማሳመሪያ ምናምን የሚያስመጣ ሱቅ መስኮት ላይ የወፍ ሳጥን አየሁ። ትንሽዬ የእንጨት ቤት ናት፣ ጣሪያዋ ወደፊት ዘንበል ያለ፣ ፊቷ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ስር መቆሚያ ዱላ። ካርቶኑ ላይ ጀርባዋ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ሆዷ ነጭ የሆነ ጨረባ በቀዳዳው አንገቷን ብቅ አርጋ "ማን ልበል?" የምትል መስላ ተነስታለች። እኔ ደሞ ለዚች ወፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ነኝ። ዋጋ ስጠይቅ 4,500 አለኝ፣ ተከራክሬ በ3,800 ወሰድኳት። ውስጧ የምትገጠመውን ትንሽዬ ካሜራ ሌላ ቦታ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ 4,200 ገዛሁ። የካሜራዋን ዋጋ እማዬ እስከዛሬ አታውቅም፣ እባካችሁ እንዳትነግሯት።

ስም ላይ ትንሽ ልቁም ምክንያቱም ብዙ ሰው ይደናገራል። ጨረባ የምላት ያቺ ክንፏ ሹል የሆነች፣ ዝንብና ትንኝ አየር ላይ እየቀለበች የምትበላዋን፣ ክረምት ሲወጣ የመብራት ሽቦ ላይ ተደርድራ የምትታየዋን ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ላይ ጨረባ ተብላለች። ዳዊት ላይ ደሞ ለጫጩቶቿ ቤት አገኘች የተባለላት "ዋኖስ" ነች፣ ግን እኛ ሰፈር ዋኖስ ካልክ ሰው እርግብ ቢጤዋን ነው የሚያስበው። እማዬ ይሄ ሁሉ ክርክር አይመለከታትም፣ "የጭቃዋ ወፍ" ብላ ትጠራታለች በቃ። እሷ ከሁላችንም ቀድማ ነው የገባት፣ ወደኋላ ታያላችሁ።

የእማዬ ቤት ከደብረ ብርሃን በአንኮበር መንገድ ወጣ ብሎ ነው። የድንጋይ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ ሰፋ ያለ ታዛ አለው። ሳጥኗን ጳጉሜን ላይ ታዛው ስር ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርኳት፣ ካሜራዋን ውስጧ አስገባሁ፣ ሽቦውን በመስኮት አሳለፍኩ። ከዛ መስከረም ገባ። ወገን ያን ጊዜ የነበረውን ደስታዬን ብታዩ! ደመራ ሰሞን ጨረባ በመቶ እየሆነ ሽቦው ላይ ይሰለፋል፣ ከብቶቹ ግጦሽ ላይ ሲንቀሳቀሱ ከሳሩ የሚነሳውን ትንኝ እግራቸው ስር እየበረረ ይለቅማል፣ እኔ ደሞ ስልኬን ይዤ በየ10 ደቂቃው ሳጥኗ ውስጥ አያለሁ። ባዶ። ጠዋት ባዶ፣ ማታ ባዶ፣ ጥቅምት ባዶ፣ ኅዳር ባዶ።

ለካ እነዛ ጨረባዎች እኛ ጋ ጎጆ አይሰሩም። ጀርባቸው ጥቁር ሰማያዊ፣ ግንባራቸውና ጉሮሯቸው ሸክላ ቀለም፣ ጅራታቸው እንደ ሹካ ረዥም የሆኑት ማለቴ ነው። እነሱ የሚፈለፈሉት አውሮፓና እስያ ነው፣ እዛ ሲቀዘቅዝና የሚበር ነፍሳት ሲጠፋ ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፣ ሚያዝያ አካባቢ ደሞ ለቀው ይመለሳሉ። እዚህ እንግዳ ናቸው፣ በልተው ጠጥተው ይሄዳሉ እንጂ ጎጆ አይቀልሱም። እኔ እንግዳ ቤት ይሰራል ብዬ አራት ወር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ይሄን ካርቶኑ ላይ ማን ይጽፍልሃል።

ወደ ሳጥኗ ልመለስ፣ ሪቪው አይደል የጀመርኩት። የተሰራችው ከስስ ኮምፖርሳቶ ነው፣ ላዩ ቫርኒሽ የተቀባ። ስትገዟት ታምራለች፣ ከደብረ ብርሃን ጭጋግና ውርጭ ጋር አንድ ወር ከቆየች በኋላ ግን የጎን በሯ አብጦ አልከፈት አለኝ፣ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ስከፍተው ጠርዙ ተላጠ። ወለሏ ላይ ውሃ መውጫ ቀዳዳ የለም። ከጣሪያው ስር የአየር መግቢያ የለም። ከቀዳዳው ስር ያለችው ዱላ ለውበት ናት፣ ጨረባ እሷን አትፈልግም፣ የምትጠቅመው ጫጩት ልትሰርቅ የመጣች ሌላ ወፍ ተመቻችታ እንድትቆም ነው፣ እሷን በመጀመሪያው ሳምንት በመጋዝ ቆረጥኳት። ከሁሉ የባሰው ደሞ የውስጥ ግድግዳዋ እንደ መስታወት ልስልስ ነው። ቀዳዳው ከወለሉ ከፍ ስለሚል ጫጩቶች ለመውጣት እግራቸውን የሚያሳርፉበት ጭረት ወይም ሻካራ ነገር ያስፈልጋቸዋል፣ ይሄንን የሚያውቁ ሰዎች ሳጥን ሲሰሩ ከቀዳዳው ስር በውስጥ በኩል አግድም አግድም ይጭሩታል። ሁለት ኮከብ የሰጠኋት ለምንድነው ካላችሁ አንዱ ለብሎኖቿ ነው፣ አልዛጉም። ሌላኛውን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ቆይ ግን ሳጥኗ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለችም። ቀዳዳዋን ስለካው 38 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ ይሄ ልክ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ሰሜን አሜሪካ ለምትኖር አንዲት ጨረባ የሚሰራ ልክ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለችው ያቺ ሰማያዊዋ። የዛፍ ጨረባ ብንላት ይገልጻታል። ያቺ ወፍ ጭቃ አትነካም፣ ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ ትቶት በሄደው የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው የምትገባው፣ ራሷ መፈልፈል ስለማትችል ያረጀ ዛፍ ሲቆረጥ ቤት አልባ ትሆናለች። እናም ሰዎች ሜዳ ላይ ውሃ አካባቢ ሳጥን በእንጨት ላይ ይተክሉላታል፣ እሷም ሳር ታነጥፍና ላዩን በላባ ትሞላዋለች፣ ነጭ ላባ ደሞ ነፍሷ ነው፣ ከ4 እስከ 7 እንቁላል ትጥልና ሁለት ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች። ክዳኑን ከፍተህ ብታያት ቶሎ ጥላ አትሄድም፣ ለዛ ነው እዛ ሀገር ስለ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ስንት ጣለች ስንት ፈለፈለች እያሉ ለመቁጠር የሚወዷት።

ዘመዷ የሆነች ትልቅዬ ሐምራዊ ጨረባ ደሞ አለች፣ እሷማ በሰሜን አሜሪካ ምስራቁ ክፍል ሰው ከሚሰራላት ቤት ውጪ መኖር ትታለች ማለት ይቻላል፣ እንደ ኮንዶሚኒየም ብዙ ክፍል ያለው ቤት ነው የሚሰራላት። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሀገሩ ነባር ሕዝቦች ከድሮ ጀምሮ ለሷ ቅል እየቀደዱ ይሰቅሉላት ነበር፣ ቅል! እኛ ወተት የምንንጥበት። አሁንም ቅል የሚሰቅሉላት አሉ። እማዬ ይሄን ስነግራት "ቅሌን እንዳትነካ" አለችኝ።

የኛዎቹ ሌላ ናቸው። ደጋ ላይ ቤት አካባቢ ጎጆ ሲሰሩ የማያቸው ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ግንበኛ ናቸው። አንዷ ወገቧ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ቀለም ያላት፣ ጎጆዋ እንደ ጠርሙስ አንገት ያለው ነው። ሌላዋ ቡናማ፣ ጭራሽ የማታምር፣ ጅራቷን ስትዘረጋ ብቻ ነጫጭ ነጠብጣቦች የሚታዩባት፣ የገደል ወፍ ነች፣ የድንጋይ ቤት ስታይ ግን ገደል ይመስላታል መሰለኝ ትመጣለች። የእሷ ጎጆ እንደ ግማሽ ስኒ ነው፣ ላዩ ክፍት። ለነዚህ ለሁለቱ የተዘጋ ሳጥን ማቅረብ ለአናጢ የተሰራ ወንበር እንደ መሸጥ ነው፣ ራሱ መስራት ነው የሚፈልገው። የሚፈልጉት ጭቃ፣ ጣሪያ እና ጭቃው የሚይዝበት ሻካራ ነገር ብቻ ነው። "የጭቃዋ ወፍ" አላለችም እማዬ?

ታኅሣሥ ላይ ሳጥኗ ተከራይ አገኘች፣ ድንቢጥ። መጀመሪያ ካሜራዋ ላይ ጥላ ሲያልፍ ሳይ ከስራ ወንበሬ ላይ ዘልዬ ተነሳሁ፣ ደንበኛ ፊት። ከዛ ገለባ ይዞ ገባ፣ ከዛ የማዳበሪያ ጆንያ ክር፣ ከዛ የሰው ጸጉር፣ ከዛ ምን እንደሆነ ያልገባኝ ሰማያዊ ፕላስቲክ። ቪዲዮውን ለእማዬ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ አየችና "3,800 ብር ለድንቢጥ? ድንቢጥማ በነጻ ጣሪያችን ውስጥ ይኖር የለም እንዴ?" አለች። ምን ትላታለህ።

በዛው ሰሞን አዲስ አበባ ስሄድ ሱቁ ጎራ ብዬ ሳጥኗ ለኛ ሀገር ጨረባ እንደማትሆን ነገርኩት ለልጁ፣ ቢያንስ ለሌላ ሰው ሲሸጥ እንዲናገር ብዬ ነው፣ ብሩንም ትንሽ ቢመልስልኝ አልጠላም ነበር። ልጁ ምን አለኝ፣ "ወንድሜ ቤቱን ነው የሸጥንልህ፣ ተከራይ ፍለጋው ያንተ ነው"። ተናድጄ ወጣሁና ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ። ለጨዋታው አንድ ኮከብ ጨምሬለታለሁ፣ ሁለተኛዋ ኮከብ እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የካቲት አጋማሽ ካለፈ በኋላ የበልጉ ካፊያ ጀመር አደረገና አንድ ጠዋት ታዛው ስር ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ሁለት ቡናማ ጨረባዎች እየተመላለሱ ሳጥኗ ጎን ላይ ይለጠፋሉ። ውስጥ አይገቡም፣ ቀዳዳውን ዞረው አላዩትም፣ ሳጥኗ ከግድግዳው ጋር የምትገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው የሚቆሙት። ስጠጋ ምን አየሁ፣ ቫርኒሹ ላይ ጭቃ እየለጠፉ ነው! ወደ 10 የሚሆን ሽንብራ የምታህል የጭቃ እንክብል። በነጋታው ጭቃው ሁሉ ወድቆ መሬት ላይ አገኘሁት፣ ቫርኒሽ ላይ እንዴት ይያዝ። እንደገና ለጠፉ። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛ ቀን ላይ አንጀቴን በሉት። 3,800 ብር ከፍዬ ያመጣሁላቸውን ቤት አልፈለጉትም፣ የፈለጉት ጀርባውን ነው።

የካቲት 22 ቅዳሜ ስለነበር ሱቄን በጊዜ ዘግቼ አናጢ ጋር ሄድኩ። ጋሼ ብዙ ዘመን የሰሩ ሰው ናቸው፣ የፈለግኩትን ሳስረዳቸው ግን ሊገባቸው አልቻለም። ርዝመቷ 20 ሳንቲ፣ ስፋቷ 12 ሳንቲ የሆነች የባህር ዛፍ ጣውላ፣ በአንድ ጎኗ ሌላ ቁራጭ ጣውላ ቀጥ ብሎ የቆመባት፣ ግድግዳ ላይ የምትመታ፣ አለቀ። እሳቸው መላጊያቸውን አንስተው ሊያለሰልሷት ሲሉ "ጋሼ ይተዋት፣ እንደ መጋዙ ሻካራዋን ነው የምፈልጋት" ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። "ቫርኒሽስ?" "አልፈልግም።" "ይሄን ማን ሰራው ብለው ቢጠይቁህ ስሜን እንዳትጠራ" አሉኝ። 250 ብር ተቀበሉኝ፣ ለዛውም ስራቸው ነው ብለው ማመን ከብዷቸው። ይኸው ስማቸውን አልጠራሁም።

ጣውላዋን ከሳጥኗ 2 ሜትር ራቅ አድርጌ ከጣሪያው ወራጅ በታች 12 ሳንቲ ያህል ክፍተት ትቼ መታኋት። ቆርቆሮው ስር በቀጥታ አትለጥፉ፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብላችሁ አትሞኙ፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ እኩለ ቀን ጸሐይ ቆርቆሮን ምጣድ ነው የሚያደርገው። የኛ ወራጁ ላይ ሌላ ሳንቃ ስላለ ሙቀቱን ይቀንሰዋል። ከመሬት 2 ሜትር ከ60 ነች፣ ድመታችን ከስሯ አንድ ሳምንት ተቀምጣ ተስፋ ቆርጣ ተነሳች።

ሁለት ሦስት ቀን ፈሩ። የካቲት 27 ጠዋት የመጀመሪያዋ ጭቃ ጣውላዋና የቆመው ቁራጭ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አረፈች። አልወደቀችም። እውነቴን ነው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ከዛ በኋላ ያየሁትን ስራ ግንበኞች መጥተው ቢያዩት እላለሁ። ጭቃውን የሚያመጡት ከቦኖው ስር ነው፣ ሴቶች ጀሪካን ሲሞሉ የሚፈሰው ውሃ መሬቱን የሚያረጥብበት ቦታ አለ፣ እዛ አርፈው በአፋቸው ትንሽ ትንሽ እየቆነጠሩ ያድቦለቡሉና ይዘው ይመጣሉ፣ ያሳርፋሉ፣ በአፋቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ፣ አልፎ አልፎ የሳር ጭረት ቀላቅለውበት ይመጣሉ፣ ጭቃ በጭድ ማለት ነው እኮ፣ ቤት እንደምናቦካው። አንድ ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ 31 ጊዜ ሲመላለሱ ቆጥሬያለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ አይሰሩም፣ ይሄን መጀመሪያ አላወቅኩም፣ ጠዋት ጥቂት ሰርተው ያቆማሉ፣ ጥለውት ሄዱ ብዬ ስጨነቅ ነበር፣ ለካ ያኛው ዙር እስኪደርቅ እየጠበቁ ነው። ርጥቡ ላይ ርጥብ ከደረቡ ይናዳል። ስንት የሰው ግንበኛ አውቃለሁ ይሄን መታገስ ያቃተው፣ የጎረቤታችን አጥር ምስክር ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ዝናቡ አንድ ሳምንት ጠፋ፣ ቦኖውም ውሃ አልነበረውም፣ ስራው ቆመ። እኔ ጓሮ አንድ ባልዲ ውሃ አፈር ላይ እየደፋሁ አቦካሁላቸው። በማግስቱ እዛ አርፈው ሲያድቦለቡሉ አየኋቸው። እማዬ ከበር ላይ ሆና "ለራስህ ቤት ጭቃ አቡካ ስልህ ወገቤን አላልክም ነበር?" አለች። መጋቢት 22 አለቀ፣ 25 ቀን።

ካሜራዋን ከሳጥኗ አውጥቼ ወራጁ ላይ ቁልቁል አሰርኳት። ስለ ካሜራዋ በአጭሩ። ጥሩ ጎኗ ሌሊት ነው፣ የጨለማ መብራቷ ለዓይን የማይታየው ዓይነት ነው፣ አንዳንዱ ካሜራ ቀይ ቀይ የሚል ነጥብ ያሳያል፣ ስትገዙ 940 የሚል ቁጥር ያለውን ጠይቁ፣ 850 ከሆነ ቀይ ያበራል። መጥፎ ጎኗ ፎከሷ የተሰራው ለክፍል ስፋት ነው፣ 15 ሳንቲ ላይ ያለን ነገር ብዥ ታደርገዋለች፣ ሌንሷን በፒንሳ ቀስ አድርጌ ግማሽ ዙር ስፈታት ነው የጠራችው፣ ዋስትና ምናምን ካላት በዛው ይቃጠላል እወቁት። መብራት ሲጠፋ በ20,000 ፓወር ባንክ አንድ ቀን ገደማ ትሰራለች። ዋይፋይ የለም፣ የድሮ ስልክ ሆትስፖት አድርጌ መስኮት ላይ ትቼ ነው፣ ኔትወርኩ እንደፈለገው ስለሆነ ሚሞሪ ካርድ የግድ ነው፣ የኔ 64 ጂቢ ነው። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ቅጂ የሚለውን አጥፉት፣ ነፋስ ጣውላዋን ባነቃነቃት ቁጥር ስለምትቀዳ አንድ ቀን 400 ቪዲዮ ከፍቼ 400ው ምንም የለበትም። ከዚህ ውጪ ምንም አልበደለችኝም፣ 4 ኮከብ።

ከውስጥ ያነጠፉት ደረቅ ሳርና ላባ ነው፣ እና የበግ ጸጉር። ባና የሚሰራበት አገር ወፍ ናት፣ ሌላ ምን ታንጥፍ። መጋቢት 26 አንድ እንቁላል፣ 27 ሁለት፣ 28 ሦስት። ነጫጭ ሆነው ቡናማ ጠብታ አለባቸው። ከዛ መታቀፍ። እሱን ክፍል ብዙ አላወራም፣ ወፍ ቁጭ ብላለች፣ አሁንም ቁጭ ብላለች፣ አንዴ ተነስታ እንቁላሎቹን በአፏ ታገላብጣለች፣ ቁጭ። ደንበኞቼ ኮፒ እስኪወጣላቸው እሱን እያዩ "ቲቪህ ቆሟል" ይሉኝ ነበር።

ሚያዝያ 15፣ ከፋሲካ በሦስተኛው ቀን፣ ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ እናትየዋ ተነስታ የቅርፊት ስባሪ በአፏ ይዛ ስትወጣ ካሜራዋ ይዛታለች። ሁለቱ ተፈለፈሉ፣ ሦስተኛው እንደቀረ ቀረ። የመጀመሪያ ቀን ጫጩት ምን እንደሚመስል አላሳምርም፣ ላባ የለው፣ ዓይኑ ዝግ፣ አንገቱ እንደ ክር፣ አፉ ብቻ ነው ያለው፣ ቢጫ። ሁለቱም ወላጆች ነው የሚመግቡት፣ ነፍሳቱን ጉሮሯቸው ውስጥ አጭቀው ነው የሚያመጡት፣ ያመጡትን አንዱ አፍ ላይ ይከቱና ቂጡ ሲነሳ የሚወጣውን እንደ ፌስታል የታሸገች ነጭ ኩስ በአፋቸው ተቀብለው ይወጣሉ። አዎ፣ ዳይፐር ነው። የጎረቤት ልጅ፣ 9 አመቱ ነው፣ ወንጭፍ ይዞ የሚዞር የሰፈሩ ወፍ ሁሉ የሚያውቀው፣ ይሄን ስልኬ ላይ ካሳየሁት ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኛ በር ላይ ነው። እማዬን "እትዬ፣ ትልቁ ትንሹን እያስራበው ነው፣ አንድ ነገር አድርጊ" ይላታል። ምን ታድርግ እሷ፣ ትንኝ ትያዝ?

ችግሩ የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ወላጆቻቸው ኩሱን መልቀም ያቆማሉ፣ እነሱ ራሳቸው ዞረው ቂጣቸውን በጎጆው ጠርዝ አውጥተው ወደታች መልቀቅ ይጀምራሉ። ወደታች ማለት እማዬ ለጠላ የበቀለውን ብቅል ያሰጣችበት ሰሌን ላይ ነው። ያን ቀን የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ከጎጆው አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ ሰፊ ጣውላ መታሁ፣ በሳምንት አንዴ ይጠረጋል፣ ኩሱ ጎመን መደብ ላይ ይደፋል። ይሄን ከመጀመሪያው አድርጉት፣ ስጥ የሚሰጣበት፣ በር ወይም ሰው የሚቀመጥበት ቦታ በላይ ባይሆን ደሞ የተሻለ ነው።

ግንቦት 9 በረሩ። በአንዴ አይደለም፣ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት ነው። ከዛ በኋላ ደሞ ሳምንት ገደማ ማታ ማታ እየተመለሱ ጎጆው ውስጥ ተጣበው ያድሩ ነበር፣ አራቱም። ይሄን ባልጠበቅኩት ነው የወደድኩት፣ ካሜራዋ ባትኖር አላውቀውም ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ጣውላዋ ለሁሉም ጨረባ አትሆንም። ያቺ ወገበ ቀይዋ መደርደሪያ አትፈልግም፣ ከላይ ጠፍጣፋ ጣሪያ ስር ተገልብጣ ነው የምትለጥፈው፣ በአንኮበር መንገድ ካሉት ድልድዮች ስር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ጠርሙስ የመሰለው ጎጆዋ አለ። ከጠርሙሱ አፍ ላባ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ግን ባለቤቷ ተባራለች ማለት ነው፣ ክንፉ እንደ ማጭድ የቀጠነ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር ያለው ሌላ ወፍ አለ፣ ጨረባ ይመስላል ግን አይደለም፣ ሽቦ ላይ አይቆምም፣ እግሩ ለዛ አይሆንም፣ እሱ የሰው ጎጆ ቀምቶ ላባ በምራቁ እየለጠፈ ይኖራል። ደክሞ የሰራ አንዱ የሚኖርበት ሌላው፣ ይሄ በወፍም አለ። አውሮፓ ውስጥ ከሰጋቱራና ከሲሚንቶ ተደባልቆ የተሰራ፣ ልክ የጭቃ ጎጆ የሚመስል ጎድጓዳ ይሸጣል፣ እዛ ጭቃ ላጡ ጨረባዎች ነው የሚሰቀለው። ያ ሱቅ እሱን ቢያመጣ ኖሮ ቢያንስ ለወሬ ይሆን ነበር።

ጣውላ ከመታችሁ ጎጆውን ከበረሩ በኋላ አታፍርሱት፣ ይቺ ወፍ የድሮ ጎጆዋን ጠግና ነው የምትመለሰው። የኛን ጠርዙን ነፋስ ትንሽ ሸርፎታል፣ አልነካሁትም። ጋሼ ጋር ሁለት ጣውላ ደግሜ አዝዣለሁ፣ አሁንም ሊልጓት ይፈልጋሉ፣ ተጨቃጭቀን ነው የተለያየነው።

ሳጥኗን መግዛት የሚፈልግ ካለ በ1,000 ብር እሰጣለሁ፣ ብሎኖቿ አልዛጉም፣ በሯ ግን በካቻቢቴ ነው የሚከፈተው። ድንቢጦቹ ሌላ ዙር ጥለዋል፣ እስኪወጡ መጠበቅ አለበት።